የጋሼ ወልዴ ቀይ ኮት

አሰብ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለያደታ
መቱ

አካም ጅርታ? እኔ ሙቀቱ ካልጨረሰኝ በቀር ደህና ነኝ። የመቱ ዝናብ አንድ ቀን ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ጎረቤቴ ባልዲ ውሃ ሲደፋ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ወደ ጥያቄህ ልግባ። ባንዱ ከሌላ ዘፋኝ ጋር አዲስ ካሴት ቢቀዳ ይከፋኝ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ለምን ይከፋኛል? ልጅ ነኝ እንዴ? የሶር ማዶ ባንድ የግል ንብረቴ አይደለም። ሃያ ዓመት ከፊት ቆሜ ዘፈንኩ እንጂ አልገዛሁትም። ኤሌክትሪክ ጊታርና ሮክ የሚባለውን ነገር መቱ ያስገባነው አራታችን ነን፤ አንተ በጊታር፣ ገብረ መስቀል በሳክስፎን፣ ነመራ በድራም፣ እኔ በጉሮሮ። መሥሪያ ቤቴ ከመቱ ቡና መጋዘን አንሥቶ አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ቆጣሪ ስላደረገኝ ሦስታችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ አልልም። ስለዚህ ቅዱ። ደስ ይለኛል። በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

ደስታዬ እንዳይጎድል ግን ጥቂት ነገር ጠብቁልኝ። አንደኛ፣ ዘፋኙ የጎሬ ሰው እንዳይሆን። ጎሬዎች በ1961 ከተማቸው ሆቴል መድረክ ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ እያሉ እስከ ዛሬ ያወራሉ፤ የተሰነጠቀው ማይኩ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ደግሞ «ሻሽቱዬ»ን እንዳይዘፍን። ለሚስቴ ያወጣሁት ዘፈን ነው፤ ሌላ ወንድ አደባባይ ላይ ቆሞ ሚስቴን በስሟ እየጠራ እንዲያላዝን አልፈቅድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀዩን ኮቴን እንዳይነካ። ገብረ መስቀል ልብስ ስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንደሰቀለው ይቆይ። ያ ኮት በእኔ ልክ የተሰፋ ነው። ሌላ ሰው ለበሰው ብትሉኝ ባንዱ ሞተ ብላችሁ እንዳረዳችሁኝ እቆጥረዋለሁ።

የልጄን ነገር አደራ። መኪና ስሳፈር የማልክልኝን አትርሳ። ትብለጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ማትሪክ እስክታልፍ ዘፈን የሚባል ነገር አጠገቧ እንዳይደርስ። ካለፈችም በኋላ እንዳይደርስ። ኖፓ ያሉ አማቶቼ «አዝማሪ ነው» ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ በር ላይ አስቀምጠው ምግብ ሲሰጡኝ አይተሃል። እኔ ቻልኩት። በልጄ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስ አልፈልግም።

ማነው ዘፋኙ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ወንድምህ ወልደሰንበት


መቱ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ ወልደሰንበት
አሰብ

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ወረቀቱ የቀበሌ ስለሆነ ከላይ የታተመውን መፈክር እንደ እኔ ሰላምታ ይቁጠሩልኝ።

ዘፋኙ ማነው ላሉት፣ ጥሩ ሰው ናቸው። ከጎሬ አይደሉም፤ እዚሁ መቱ ተወልደው ያደጉ ናቸው። «ሻሽቱዬ»ንም አይዘፍኑም፤ ቢዘፍኑትም አይሆንላቸውም። ኮቱንም አልነኩም፤ ቢለብሱት ሁለት ጊዜ ይጠቀለልባቸዋል። ስማቸውን ግን ራሳቸው እስኪፈቅዱ ድረስ ልያዘው። ትሑት ናቸው።

የምንቀዳው በእርስዎ የቀድሞ መጋዘን ውስጥ ነው፤ እሑድ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ። ዘንድሮ ቡናው ስለያዘ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ጆንያውን ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ከመርነውና መሀሉን እንደ ክፍል ትተን እዚያ ውስጥ ገባን። ድምፅ አይወጣም፣ አይገባም፣ አያስተጋባም። አዲስ አበባ ያለ ስቱዲዮ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም። ጉዳቱ አቧራው ነመራን ማስነጠሱ ነው። ሦስት ዘፈን ጥሩ አድርገን ይዘን መጨረሻው ላይ አስነጥሶ አበላሸብን። አሁን ሊያስነጥሰው ሲል ጸናጽሉን እንዲመታ ተስማምተናል፤ ስለዚህ ካሴቱን ሲሰሙ ጸናጽሉ ከበዛብዎ ምክንያቱ ይህ ነው።

እትዬ ሻሽቱ ደህና ናቸው። ደብዳቤዎን አነበብኩላቸው፤ ስለ ቤተሰባቸው የጻፉትን ብቻ ዘለልኩት።

ትብለጥ ደህና ናት። ጉሮሮዋን ትንሽ ስለደከማት ከያዮ የጫካ ማር አስመጥተንላታል፤ ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃ ትጠጣለች። የሚያሳስብ ነገር አይደለም። ትምህርት ስለምታበዛ ነው።

ታናሽ ወንድምዎ ያደታ


አሰብ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ያደታ፣

ምን አጥፍተህ ነው? በሃያ ዓመት ውስጥ አንቱ ያልከኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አዲሱን ማይኬን ሶር ወንዝ ውስጥ የጣልክ ዕለት። አሁን እኔንም አንቱ፣ ዘፋኙንም አንቱ። መቱ እኔ ከወጣሁ ወዲህ በሙሉ ሸመገለ?

ደግሞም አልደበቅከኝም። ደበሳ ነው። ኮቱ ሁለት ጊዜ ይጠቀለልበታል ስትል ነው የነቃሁት፤ እንደ ደበሳ የቀጠነ ሰው መቱ ውስጥ የለም። በ1965 በደሌ ላይ ወባ ጥሎኝ አንድ ቀን በእኔ ቦታ ስለዘፈነ ይኸው አሥር ዓመት «ሕዝቡ ወልዴን ረሳው» እያለ በየሠርጉ ይለፍፋል። ሕዝቡ ያጨበጨበው እንዲያቆም ብሎ ነው። ትሑት ናቸው ትለኛለህ ደግሞ!

አልተናደድኩም። ደበሳም ቢሆን የሰው ልጅ ነው። ባንዱ እንዳይዋረድ ግን ይህን ንገረው። ትንፋሽ የሚወሰደው ቃል መሀል ላይ አይደለም፤ ስንኙ ካለቀ በኋላ ነው፤ ትከሻ ሳይነሣ፣ ከሆድ። ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ሲደርስ አገጩን እንደ ዶሮ አይስቀል፤ ዝቅ ያድርገው፣ ድምፁ ራሱ መንገድ ያገኛል። ያዘነ ቃል ሲመጣ አያልቅስ፤ ማልቀስ የሰሚው ሥራ ነው። ይህን በሕይወቴ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባንዱ ስል ነው።

የልጄ ጉሮሮ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ሁለት ሳምንት ጨርሶ እንዳትናገር። መምህር ቢጠይቃት እንኳ ጽፋ ትመልስ። ከአንድ መርከበኛ የገዛሁትን የጉሮሮ እንክብል በሾፌሩ በጎንፋ እጅ ልኬላታለሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትውሰድ። የምትጽፍልኝ ደብዳቤ ደግሞ እንደ ቴሌግራም አጥሯል። «ደህና ነኝ። አጠናለሁ። አይዞህ።» ምን ሆኜ ነው አይዞህ የምትለኝ?

ካሴቱ ሲያልቅ ላኩልኝ። ቴፔ ደህና ነች፤ ብቸኛ ጓደኛዬ እሷ ናት። እዚህ የባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፍቷል፤ እኔ ግን መላ አለኝ። ድንጋዮቹ ሲደክሙ የጎረቤቴ በርበሬ ከተሰጣበት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣቸዋለሁ። የአሰብ ፀሐይ ሙት ታስነሣለች። በአራት ድንጋይ ዓመት ልደፍን ነው።

ወልደሰንበት


መቱ፣ ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሼ ወልዴ፣

እሺ፣ አንቱታውን ትቼዋለሁ። እንደምን ከርመሃል?

ምክርህን ለዘፋኙ አነበብኩላቸው። (እሳቸውን ግን አንቱ ማለቴን አልተውም፤ ለምጄዋለሁ።) ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አጣጥፈው ደብተር ውስጥ ከተቱትና አለቀሱ። በማግስቱ ሲዘፍኑ ገብረ መስቀል መንፋቱን ረስቶ ቆመ። ደበሳ ነው ብለህ ስለጻፍከው እኔ ምንም አልልም።

ትብለጥ ሁለት ሳምንት አትናገር ያልከው አልሆነም፤ ልክ የምንቀዳበት ሳምንት ~~ነ~~ የምታጠናበት ሳምንት ነበር። የሰረዝኩትን አትመልከት፣ ብዕሩ ነው። እንክብሉ ግን ተአምር ነው። ከፍ ያለውን ድምፅ ያለ ችግር አወጣላት። ትምህርት ቤት ጠዋት መዝሙር ስትዘምር ማለቴ ነው።

ግጥም የሚመረምረው ኮሚቴ ከጠዋት እስከ ቀትር አስቆመን። ሮኩን አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ድራሙ የሠርቶ አደሩን ክንድ ያሳያል ብለው ነመራን አመሰገኑት። ነመራ ይኸው እስከ ዛሬ እጁን ያያል። የከበዳቸው የናፍቆቱ ዘፈን ነው። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «ይህ የሚናፈቀው ሰው የት ሄዶ ነው?» አለ። አናውቅም አልን። «ሥራ ፈትቶ የሚዞር ከሆነ አይናፈቅም» አለ። ገብረ መስቀል ደንግጦ «የለም፣ ጓድ! ወደብ ሄዶ ነው! የአገር ቡና ሊጭን!» ብሎ ጮኸ። «እንግዲያው ይናፈቅ፤ ግን ግጥሙ ውስጥ ይግባ» ተባለ። ስለዚህ ዘፋኙ ግጥሙን ራሳቸው እንደ አዲስ ጻፉት። በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ብዙም አልተቸገሩም።

የካሴቱን አንደኛ ገጽ ቀድተን እንዳበቃን ግን ጎንፋ መኪናውን ይዞ መጣና ግድግዳችንን ጫነው። ቡናው ወደ አንተ እየመጣ ነው። አሁን ባዶ መጋዘን ውስጥ ገብረ መስቀል አንድ ጊዜ ሲነፋ ሦስት ገብረ መስቀል ይመልሳል፤ እኛ አንዱንም በጭንቅ ነው የቻልነው። ለሁለተኛው ገጽ ከየቤቱ ፍራሽ ለምነን ግድግዳው ላይ ሰቀልን። እትዬ ሻሽቱ ሳንጠይቃቸው የአንተን ፍራሽ ሰጡን፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ ዘፋኙን ከጀርባቸው የሚከልለው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ገጽ የሰሙት ጆንያዎች ሲደርሱ ሰላም በላቸው።

ያደታ


አሰብ፣ የካቲት 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ያደታ፣

ጆንያዎቹ ደረሱ። የመቱን ምልክት ሳይ አላስቻለኝም፤ ሰው አለመኖሩን አይቼ አንዱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። «ምን ታደርጋለህ?» ሲለኝ «ነቀዝ አዳምጣለሁ» አልኩት። ለሥራው እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቶ እንደማያውቅ በማኅደሬ ላይ ጻፈልኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ጆንያ ሁሉ እያዳመጥኩ ነው የምውለው።

ይህን የጻፍኩልህ ሳልስቅ ነው። ስለ ፍራሼ የጻፍከውን አሥር ጊዜ አነበብኩት።

ሻሽቱ ወንፊት እንኳ ስታውስ ሁለት ጊዜ የምታስብ ሴት ናት። ሳትጠየቅ ፍራሼን አንሥታ ለደበሳ ጀርባ ሰጠች? ደበሳ ለእሷ ምኗ ነው? የልጄ ደብዳቤ ማጠሩ፣ የአንተ አንቱታ፣ አይዞህ መባሌ፣ ሁሉም አሁን ሌላ መልክ ያዘብኝ። ያደታ፣ ሰው ሲርቅ ቤቱ እንደነበረ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ እዚህ ወደቡ ላይ ስንቱን አየሁ። መድረኩን ለማን እንደሰጣችሁት አልጠይቅም፤ ውሰዱት። ቤቴ ግን ቤቴ መሆኑን ንገረኝ። በእናትህ በእትዬ ኡርጌ ስም ምለህ ጻፍልኝ።

ወልደሰንበት


መቱ፣ የካቲት 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሼ ወልዴ፣

ዋቃዮ! ምን አደረግኩህ!

በእናቴ በኡርጌ እምላለሁ፤ ዘፋኙ ደበሳ አይደለም። ደበሳ ዳሪሙ ወርዶ ለገበሬ ማኅበር ንብ ያረባል። ዘፈኑን ትቷል፤ ንቦቹ አልወደዱለትም ይባላል። ቤትህ በተውከው ቦታ በተውከው ሁኔታ አለ፤ የጎደለው አንድ ፍራሽ ብቻ ነው፣ እሱም ተመልሷል።

ይህን ደብዳቤህን ለእትዬ ሻሽቱ ሳነብ ልዘለው አስቤ ነበር፤ ፊቴን አይተው «ማል ታኤ?» አሉኝ፤ ምን ተፈጠረ ሲሉ መዋሸት አልችልም። አነበብኩት። መጀመሪያ በጣም ሳቁ። ቀጥሎ በጣም ተቆጡ። ከዚያ እንዲህ ብለህ ጻፍ አሉኝ፦ «ሃያ ሁለት ዓመት ስታንኮራፋበት የኖርክበትን ፍራሽ የሰጠሁት ለማምነው ሰው ነው። አንተም ታምነዋለህ። ደግሞ ደበሳን ከእኔ ጋር ያነሣህበትን አፍህን ስትመጣ አሳይሃለሁ።» እኔ የጻፍኩት ቃል በቃል ነው።

ካሴቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጎንፋ እጅ መጥቶልሃል። ምንም አልተጻፈበትም። አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብህ። ዘፋኙ ሥራው እንዳለቀ ሦስታችንን አቁመው አስማሉን። አንተ ሰምተህ እሺ ካላልክ ካሴቱ አይባዛም፤ ዋናውን ቴፕ እኔ በእጄ አጠፋዋለሁ። ልመናም፣ የነመራ ቁጣም አልመለሳቸውም። አዲስ አበባ ያለው ሙዚቃ ቤት የሚጠብቀን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ነመራ አምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የገብረ መስቀል ጥርስ ሳክስፎን ለመንከስ የቀሩለት ጥቂት ናቸው። ሌላ ካሴት የምንቀዳ አይመስለኝም። ግን ማስፈራራቴ አይደለም። እንደ ልብህ ፍረድ።

ያደታ


አሰብ፣ መጋቢት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ሌቦች!

ሰማሁት። ጎንፋ ካሴቱን እንደሰጠኝ ድንጋዮቹን ከጣሪያ አውርጄ ገና ትኩስ እንዳሉ ከተትኳቸው፤ በሬን ዘጋሁ፤ ማንም ይሁን ማን ልሰድበው እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ቃል ሲወጣ እጅጌዬን ዘረጋሁት።

እኔ ነኝ!

የ1964ቱን የልምምድ ቴፕ ከየት አገኛችሁት? ገብረ መስቀል ሣጥን ውስጥ ነበር? የእኔን ድምፅ ከአሮጌ ቴፕ አውጥታችሁ፣ ከሥሩ አዲስ ሙዚቃ አንጥፋችሁ፣ «አዲስ ዘፋኝ መጣ፣ ትሑት ናቸው፣ ኮት ይሰፋቸዋል» እያላችሁ አምስት ወር ታጃጅሉኛላችሁ! ሻሽቱም አውቃ ነው «አንተም ታምነዋለህ» ያለችው። ስቄ ልሞት።

ያደታ፣ እንዲህ ጎበዝ እንደነበርኩ ረስቼው ነበር። ትንፋሼን አየኸው? ሁልጊዜ ከስንኙ በኋላ። ከፍ ያለው ላይ አገጬ ዝቅ ማለቱ እዚህ ድረስ ይታያል። ደግሞ አንዲትም ቦታ አላለቀስኩም፤ የሚያለቅሰው ሰሚው ነው፣ እኔም ሰሚ ነኝና አለቀስኩ። ያቺን

ባሕር ዳር ቆሞ ጆንያ ቆጣሪ፣
ቆጥሮ ሲጨርስ እኔ ነኝ ቀሪ

የምትለዋን መቼ እንደዘፈንኳት አላስታውስም። ያን ጊዜ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ዘፋኝ አንዳንዴ ሳያውቀው የነገውን ይዘፍናል ማለት ነው።

ቅር ያለኝ በእናንተ ነው። ነመራን ምን ነካው? ድራሙ ሬሳ የሚሸኝ ነው የሚመስለው። የገብረ መስቀል ሳክስፎን የታመመ በሬ ሆኗል። አንተም ጊታሩን እያንቀላፋህ ነው የምትመታው። ሦስት ሽማግሌ አንድ ወጣት ዘፋኝ ይዘው ዳገት ሲወጡ ይመስላል። ወጣቱ እኔ ነኝ።

ቢሆንም ፈቅጃለሁ፤ ይህን እንደ ማኅተም ቁጠረው። ይህ ድምፅ ከማንም ጉሮሮ ቢወጣ፣ ከእኔም ይሁን ከደበሳ፣ ከጠላቴም ቢሆን፣ አፍኖ ማስቀረት ነውር ነው፤ ኃጢአትም ነው። ካሴቱ ይውጣ! ሽፋኑ ላይ ቀዩን ኮት ለብሼ የተነሣሁት ፎቶ ይሁን።

የባንዱ ዘፋኝ
ወልደሰንበት


መቱ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሼ ወልዴ፣

ደብዳቤህን ለባንዱ ሁሉ አነበብኩ። ነመራ ሁለት ቀን ኮርፎ አላናገረኝም፤ እኔ የጻፍኩት ይመስል። ገብረ መስቀልም የታመመው በሬ አልወጣለትም።

አሁን እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ ሬዲዮ ሠሪ ልጠይቅህ። እነዚያን አራት ድንጋዮች ስንት ጊዜ ነው ፀሐይ ላይ ያሰጣሃቸው? የተሰጣ ድንጋይ ሬዲዮ ያናግር ይሆናል። ቴፕ ግን ሞተር አለው፤ የደከመ ድንጋይ ሞተር አይጎትትም። ካሴቱ ቀስ እያለ ይዞራል። ቀስ ሲል ድራሙ ሬሳ ይሸኛል፣ ሳክስፎኑ በሬ ይሆናል፣ የሰውም ድምፅ ይወፍራል። ቀጭን ሆኖ የተቀዳው ወፍራም ሆኖ ይወጣል። «ቴፔ ታመመብኝ» ብሎ ሱቄ የማይመጣ ሰው የለም፤ የታመመው ሁልጊዜ ድንጋዩ ነው።

የ1964ቱ ቴፕ እኔ ጋ የለም። አይጥ ከበላው ስምንት ዓመቱ ነው፤ እንዳታዝን ብለን ደብቀንህ ነው።

ጎንፋ አራት አዲስ ድንጋይ ይዞልሃል። ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፈን ያገኘናቸው ናቸው፤ እትዬ ሻሽቱም ተሰልፈዋል። ክተታቸውና እንደገና ስማ። ቁጭ ብለህ ስማ። ውሃ አጠገብህ ይኑር።

ከመስማትህ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ጥቅምት ላይ ሬዲዮ ልሠራ አንድ ቤት ሄጄ፣ ጓሮ ልብስ እያጠቡ የሚያንጎራጉሩ ሰው ሰማሁ። ጆሮዬን ደፍኜ መሄድ ነበረብኝ። መኪናው በር ላይ የማልኩልህን መሐላ አስቤአለሁ፤ አላሰብኩም አልልም። እግሬ ግን አልሄደልኝም። ሃያ ዓመት ከጀርባው ቆሜ ጊታር የመታሁለትን ድምፅ ከዚያ ጓሮ ስሰማ እንዴት ብዬ ልሂድ? ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ሌላ ማንንም አትቆጣ።

«ይህ ድምፅ ከማንም ጉሮሮ ቢወጣ» ብለህ የጻፍከውን ደግሞ ገብረ መስቀል በንጹህ ወረቀት ገልብጦት ሦስታችን ምስክር ሆነን ፈርመንበታል። እንዳትረሳው ብዬ ነው።

እንግዲህ እንደገና አንቱ ልልዎት ነው፣
ታናሽ ወንድምዎ ያደታ


አሰብ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ያደታ፣

ቴሌግራሜ ቀድሞ ደርሶህ ይሆናል። «እሺ» ብቻ ብዬ የላክሁት ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ ነው።

ድንጋዮቹን ከተትኩ። መጀመሪያ ነመራ ገባ፤ ይቅርታ በልልኝ፣ እጁ እንደ ጎረምሳ ነው። ገብረ መስቀልንም ይቅርታ በልልኝ። ከዚያ እሷ መጣች። ሁለተኛ ቃል አላስፈለገኝም። ስታስል እንኳ የማውቃት ልጄ ናት።

ተቆጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቆጣሁ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌልህ ሦስቱንም ቀደድኩ። የገዛ እንክብሌን! ለደበሳ ብዬ የላክሁትን የዕድሜ ልክ ምስጢሬን! ፍራሼን! መቱ በሙሉ ሲያውቅ እኔ እዚህ ጆንያ አዳምጣለሁ።

በሦስተኛው ቀን አሮጌዎቹን ድንጋዮች መልሼ ከተትኳቸው። እኔ ሆንኩ። አውጥቼ አዲሶቹን ከተትኩ፤ እሷ ሆነች። አሮጌውን ስከት እኔ ነኝ፣ አዲሱን ስከት እሷ ናት። እንዲህ ስል ዋልኩ፤ ሥራም አልገባሁም። አለቃዬ ነቀዝ አዳማጩ ታሟል ብሎ ሰው ላከልኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ከመቱ ስወጣ ድምፄ ያለቀለት መስሎኝ መኪናው ውስጥ አልቅሻለሁ። ጎሬዎችም እውነታቸውን ነው፤ ማይኩ አልነበረም የተሰነጠቀው። ከእኔ ጋር ያልቃል ስል የኖርኩት ነገር ለካ ጓሮ ሆኖ ልብስ ያጥባል። ደስ ብሎኛል ያደታ። ኅዳር ላይ ደስ ይለኛል ያልኩህ ውሸቴን ነበር፤ ይህ እውነቴን ነው።

አሁንም እፈራላታለሁ። የኖፓ ዘመዶቿ በር ላይ ሲያስቀምጧት ይታየኛል። እንግዲህ እዚያው በር ላይ ትዝፈንላቸውና ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ እናያለን። እኔም ለመስቀል ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ሻሽቱ አፌን ልታሳየኝ ቀጠሮ አለኝ።

ጥቂት ነገር ግን ጠብቁልኝ። ማትሪኳን ትፈተን፤ በዚህ ቀልድ የለም። ጎሬ ስትሄዱ ማይኩን አስቀድማችሁ ፈትሹ። «ሻሽቱዬ»ን ትዝፈነው፤ ልጅ እናቷን በስሟ ብትጠራ ማንም አይቀየማትም። ለእኔም ራሷ ትጻፍልኝ፣ ከቴሌግራም የሚረዝም።

ሽፋኑ ላይ የእኔን ፎቶ ተዉት። እሷ ትነሣ፣ ቀዩን ኮት ለብሳ። ሁለት ጊዜ ይጠቀለልባታል ብለኸኛል፤ ገብረ መስቀል ከግድግዳው ያውርደውና ልኳን ወስዶ ያጥብበው። ጨርቁን ግን እንዳይቆርጠው አደራ በለው። ወደ ውስጥ አጥፎ ይስፋው፤ ገና ልጅ ናት፣ ታድጋለች።

የትብለጥ አባት
ወልደሰንበት